ፀሐይን በሙቀቷ አትለኳት፦ «ሐበሻን አትነካም» ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። አንዷ እህቴ ናት። ከሥሩ «አየህ፣ በል ያንን ጥላህን ጣለው» ብላ ጨምራበታለች። እኔ ዝናብ በሌለበት ቀን ጥላ ይዤ የምሄድ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ወንድ ልጅ በጠራራ ፀሐይ ጥላ ዘርግቶ ሲሄድ ምን እንደሚባል የሚያውቅ ያውቀዋል። ቄስ ወይ ሙሽራ ካልሆንክ መሳቂያ ነህ።

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይኸው ነው። የፀሐይ ጨረር የፈረንጅ ጭንቀት ነው። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነች ፀሐይዋም ለስላሳ ናት፤ ይፍራ ከተባለ ቆላ ያለ ሰው ይፍራ። ክረምት ላይ ደግሞ ጭራሽ ፀሐይ የለም። ችግር ከተፈጠረም ያመጣው የኦዞን፣ ማለትም ጨረሩን ከላይ የሚያስቀረው የሰማይ ጋዝ፣ መቀደድ ነው። የእኛ ቆዳ በተፈጥሮው የተሸፈነ ስለሆነ አይነካም፣ «ምች» የሚባለውም የአሮጊት ወሬ ነው። በ13 ወር ፀጋ አገር ቫይታሚን ዲ ጎደለ ማለት ያስቃል። ሰንስክሪን የሚባለው የፀሐይ መከላከያ ክሬም ደግሞ ራሱ መርዝ ነው።

ጸሐፊው ብዕራቸው ይጥማል። ሁለት ቦታ ላይ ጮክ ብዬ ስቄያለሁ። ከተናገሩት ውስጥ እውነት የሆነም አለ፤ ስደርስበት አልክድም። ቀሪውን ግን በየተራው ልያዘው።

«ቀዝቃዛ ከተማ፣ ለስላሳ ፀሐይ»

የስህተቱ እናት እዚህ ናት። ሌሎቹ ከእሷ የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ፀሐይ ስንሞቅ ቆዳችን ላይ የሚሰማን ሙቀት በአብዛኛው ከሚታየው ብርሃንና ኢንፍራሬድ ከሚባለው የማይታይ የሙቀት ጨረር የሚመጣ ነው። ቆዳ የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት ሌላ ነገር ነው። መሬት ከሚደርሰው የፀሐይ ጉልበት ውስጥ ድርሻው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። አይታይም። ሙቀቱም አይሰማም። ሰውነታችን እሱን የሚያውቅበት አንድም የስሜት ሕዋስ የለውም። ቆዳህ ማቃጠል ሲጀምር ጨረሩ ሥራውን ከጨረሰ ሰዓታት አልፈዋል።

አልትራቫዮሌት፣ ባጭሩ ዩቪ፣ ዓይነቱ ሦስት ነው። ዩቪ ሲ ከሁሉም ክፉው ነው፤ ደግነቱ ኦክስጅንና ኦዞን እዚያው ላይ ያስቀሩታል፣ መሬት አይደርስም። ዩቪ ቢን ኦዞን አብዛኛውን ይውጠዋል። ቆዳ የሚያቃጥለው የተረፈው ነው፤ ቫይታሚን ዲ የሚሰጠንም እሱው ነው። ዩቪ ኤ እንደ ልቡ ያልፋል። መሬት ከሚደርሰው አልትራቫዮሌት 95 በመቶ ያህሉ እሱ ነው፣ ወደ ቆዳ ውስጥም ጠልቆ ይገባል።

ታዲያ መሬት ላይ የሚደርሰውን መጠን ምን ይወስነዋል? ቴርሞሜትር እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም። ትልቁ ነገር የፀሐይዋ ከፍታ ነው። አናት ላይ ስትሆን ጨረሯ አየሩን በአጭር መንገድ ሰንጥቆ ይመጣል። ስታዘቀዝቅ አግድም ስለሚመጣ ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ በመንገድ ላይም ኦዞኑ ይበላዋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 5 ገደማና ነሐሴ 24 ገደማ፣ ፀሐይ በቀትር ልክ አናታችን ላይ ትመጣለች። ያን ቀን ቀጥ ብሎ የቆመ የመብራት ምሰሶ ጥላው እግሩ ሥር ይጠፋል። ዝቅ ትላለች በምንላት በታኅሣሥ እንኳ በቀትር ከ57 ዲግሪ በላይ ከፍታ አላት። የለንደን ፀሐይ በዓመቱ ከፍ የምትልበት ቀን ሰኔ 14 ገደማ ነው፤ ያኔ የምትደርሰው 62 ዲግሪ ነው። አስቡት እንግዲህ። የእኛ ዝቅተኛ ከእነሱ ከፍተኛ ጋር ጎን ለጎን ነው።

ቀጥሎ የቦታው ከፍታ አለ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በላያችን ያለው አየር ይሳሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል ይላል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የዳናኪል በረሃ ደግሞ በብዙ ቦታው ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ድረስ ይወርዳል። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሌላውም ሁሉ እኩል ቢሆን፣ አራት ኪሎ የቆመ ሰው ዳናኪል ከቆመው ቢያንስ ሩብ ያህል የበለጠ አልትራቫዮሌት ይቀበላል። ዳናኪል ላይ ያለው ሰው ግን ስለሚሞቀው ይሸፋፈናል፣ ጥላ ይፈልጋል። የአራት ኪሎው ቀዝቀዝ ስላለው ፀሐይ ፈልጎ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ብርዱ ነው የሚያታልለው።

ይህን እኔም ያወቅኩት በመጽሐፍ አይደለም። ስሜን ተራሮች ላይ ከጓደኞቼ ጋር ሁለት ቀን ሄድን። ጃኬት ለብሼ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። በሦስተኛው ቀን የአፍንጫዬና የጆሮዬ ጫፍ እንደ ድንች ተላጠ። ጠይም ነኝ። «ብርዱ ነው» አሉኝ ሁሉም። እኔም አመንኳቸው።

ለዚህ ሁሉ መለኪያ ወጥቶለታል። ዩቪ ኢንዴክስ ይባላል። መጀመሪያ ያወጣችው ካናዳ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1992። ከ0 እስከ 2 ዝቅተኛ ነው። 3 ሲገባ መከላከል ይጀመራል፣ 8 በጣም ከፍተኛ፣ 11 እና ከዚያ በላይ እጅግ የከፋ ተብሎ ይመደባል። ጥርት ባለ የመጋቢት ቀትር አዲስ አበባ ከ11 በላይ ትወጣለች። ስልካችሁ ላይ ያለውን የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ክፈቱና ወደ ታች ውረዱ። ብዙዎቹ ላይ ቁጥሩ አለ፤ ዝናብ ይዘንባል አይዘንብም የሚለውን አይተን እንዘጋዋለን እንጂ።

ስልክ ከሌለም መላ አለ። ጥላችሁን እዩ። ከቁመታችሁ ካጠረ ፀሐይዋ ከ45 ዲግሪ በላይ ወጥታለች፣ ጨረሩም በርትቷል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ በመስከረምና በመጋቢት መጨረሻ ይህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይዘልቃል። ጫፉ ደግሞ ልክ 6 ሰዓት ላይ አይደለም። ሰዓታችን የተቀመረው ከእኛ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ፣ ፀሐይ አናት የምትደርሰው 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ልጅ ሳለን እናቶቻችን በቀትር አትውጡ ሲሉን ምክንያቱን የቀትር ጋኔን ያደርጉት ነበር። ጋኔኑን አላየሁትም። ሰዓቱን ግን አልሳቱም፤ ከቀኑ አልትራቫዮሌት 60 በመቶ ያህሉ የሚወርደው በቀትር ዙሪያ ባሉት አራት ሰዓታት ነው።

«ክረምት ላይ ፀሐይ የለም»

እዚህ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። የሐምሌ ጥቁር ደመና፣ ያ ቀኑን ምሽት የሚያስመስለው፣ አልትራቫዮሌትን በእጅጉ ይቀንሳል። ሳሳ ያለ ነጭ ደመና ግን ከ90 በመቶ በላይ ሊያሳልፍ ይችላል። ሙቀቱን ስለሚቀንሰው ተመችቶን ደጅ እንውላለን። ከዚህ የባሰም አለ። ደመናው እዚህም እዚያም ተቆራርጦ ፀሐይ በመሀል ስትወጣ፣ ነጭ የደመና ጠርዝ ጨረሩን እንደ መስታወት መልሶ ይልከዋል። ለጥቂት ደቂቃ ደመና ከሌለበት ሰማይ የበለጠ ልታገኙ ትችላላችሁ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ናት ብያለሁ። ደመናው ሲገለጥ የምትወጣው ያቺው ናት። ሰዉ «የክረምት ፀሐይ ትለበልባለች» የሚለው ሲያማርር አይደለም።

ከሥር የሚመለሰውም መዘንጋት የለበትም። አዲስ በረዶ 80 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፣ ደረቅ የባሕር ዳርቻ አሸዋ 15 በመቶ ያህል። ሣርና አፈር ትንሽ ነው የሚመልሱት። ላንጋኖ ሄዶ «ውሃ ውስጥ ነኝ፣ ምን ይነካኛል» ለሚል ደግሞ፣ ግማሽ ሜትር ከውሃ በታች ከላይኛው ጨረር 40 በመቶ ያህሉ ይደርሳል።

«ጥፋቱ የኦዞን ነው»

ቶሎ ልለፈው። ተቀደደ የሚባለው ኦዞን በደቡብ ዋልታ፣ በአንታርክቲካ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ይፋ ሆነ፣ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፣ ቀዳጆቹ ኬሚካሎችም በሂደት ታገዱ። እየዳነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የሳይንቲስቶች ግምገማ ከዋልታዎቹ ውጪ ያለው ኦዞን በ2040 ገደማ ወደ 1980 መጠኑ እንደሚመለስ፣ የአንታርክቲካው ደግሞ እስከ 2066 እንደሚቆይ ይናገራል። በእኛ ላይ ያለው ኦዞን ሳሳ ያለ ነው፤ ግን ማንም አልቀደደውም። ኦዞን በብዛት የሚሠራው በምድር ወገብ ሰማይ ላይ ሆኖ ሳለ፣ የላይኛው አየር ዝውውር ወደ ዋልታዎቹ ይዞት ይሄዳል። የምናመርተው እኛ፣ የሚወስዱት እነሱ። እንደ ቡናው ማለት ነው።

«ጥቁር ቆዳ አይነካም»

እውነቱ ብዙ ያለው እዚህ ነው፣ ስለዚህ በእሱ ልጀምር። ሜላኒን፣ ቆዳችንን የሚያጠቁረው ቀለም፣ ድንቅ ጥላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ የታወቀ ጥናት የጥቁርና የነጭ ሰዎችን የቆዳ የላይኛ ሽፋን አነጻጽሮ ነበር። የነጮቹ ዩቪ ቢን 24 በመቶ ሲያሳልፍ፣ የጥቁሮቹ 7 በመቶ ገደማ ብቻ አሳለፈ። ወደ ሰንስክሪን ቋንቋ ስንመልሰው፣ ጥቁር ቆዳ በተፈጥሮው ኤስፒኤፍ (ሰንስክሪን ምን ያህል እንደሚከላከል የሚነገርበት ቁጥር) 13 ያህል አለው። ለዚህም ነው በፀሐይ የሚመጣ የቆዳ ካንሰር እኛ ዘንድ ብርቅ የሆነው። ጸሐፊው ይህን ሲሉ ልክ ናቸው። አውስትራሊያዊ የሚሰጠውን ምክር እንዳለ መቅዳት አያስፈልገንም።

ግን 13 ቁጥር ነው፣ ግድግዳ አይደለም። ያው ጥናት ጥቁር ቆዳ ዩቪ ኤን 17 በመቶ ያህል እንደሚያሳልፍ አሳይቷል። ደግሞስ «የሐበሻ ቆዳ» የትኛው ነው? ቀይ አለ፣ የቀይ ዳማ አለ፣ ጠይም አለ፣ ጥቁር አለ። አንድ ቤት ውስጥ አራቱም ይወለዳሉ። የቀይ ዳማዋ ልጅና የጥቁሩ ወንድሟ አንድ ዓይነት ጥላ የላቸውም።

ያለፈው ጨረር ምን ያደርጋል? የሴሉን መመሪያ የያዘውን ዲኤንኤ ያበላሻል። ዲኤንኤ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ፊደሎችን አጣብቆ ይበይዳቸዋል። ሴል ሊያነብ ሲል ይደናቀፋል። ደግነቱ ሰውነታችን የራሱ ጋራዥ አለው። የተበየደውን ቁራጭ ቆርጦ ያወጣል፣ አዲስ ይተካል። ይህን ጥገና በዝርዝር ያሳየው አዚዝ ሳንጃር እ.ኤ.አ. በ2015 በኬሚስትሪ ኖቤል ከተሸለሙት ሦስቱ አንዱ ነው። ጋራዡ ሥራ ሲበዛበት አንዳንዱን አሳስቶ ይጠግናል። በዘር በወረሱት ችግር ምክንያት ይህ ጥገና የማይሠራላቸው ሕፃናት አሉ፤ እነሱ ጥቂት ፀሐይ እንኳ አይችሉም፣ በልጅነታቸው ካንሰር ይይዛቸዋል።

እኛን በብዛት የሚያገኘን ግን ካንሰሩ አይደለም። ማዲያት ነው። ጸሐፊው ስለ ማዲያት አንድ ቃል አልጻፉም። ይህን ጽሑፍ የላከችልኝ እህቴ ግን ከወለደች ጀምሮ ግንባሯና ጉንጯ ላይ አለባት። ማዲያት ሜላኒን ስለሌለን የሚመጣ አይደለም፣ ስላለን ነው። እርግዝና፣ ሆርሞንና ዘር መንገዱን ይጠርጋሉ፤ ፀሐይ ደግሞ ሜላኒን የሚሠሩትን ሴሎች ትቀሰቅሳለች። በጠይም ቆዳ ላይ የሚታየው ብርሃን ራሱ ያጠቁረዋል። ስለዚህ ነው ቀለም የሌለው ሰንስክሪን ብቻውን ብዙ ጊዜ የማይበቃው፤ የብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት የተሻለ ይሠራል። የቆዳ ሐኪም ጋ ሂዳችሁ ውድ መድኃኒት ብትቀቡም ፀሐዩን ካልከለላችሁ ተመልሶ ይመጣል።

ሎሚ ይቀባ የሚለውን ምክርም እግረ መንገዴን ልጣለው። የእኛ ሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ ሆኖ ዩቪ ኤ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል፣ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ማዲያት ሊያጠፋ የተቀባ ሎሚ ሌላ ማዲያት የሚመስል ነገር ይጨምራል። ቆዳ የሚያነጡት ክሬሞችም ያቺን በተፈጥሮ የተሰጠችንን ኤስፒኤፍ 13 የሚሸረሽሩ ናቸው። በውስጣቸው ሜርኩሪ የተገኘባቸው አሉ። መድኃኒትም አለ ፀሐይ የሚያስፈራው፤ ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ የሚወስድ ሰው በቀላሉ ይቃጠላል።

ምችን በተመለከተ ለአያቶቼ ጥብቅና ልቁም። ጸሐፊው የአሮጊት ወሬ አሉት። ምች የሚለው ስም ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ ትኩሳቱም፣ ራስ ምታቱም፣ ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስልም ምች ነው። የከንፈሩን ቁስል የሚያመጣው ኸርፐስ የሚባል ቫይረስ ነው። አንዴ ከያዘ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ አልትራቫዮሌት መሆኑ በደንብ የታወቀ ነው፤ ጨረሩ የቆዳውን የመከላከል አቅም ለጊዜው ያዳክመዋል፣ ቫይረሱ ያኔ ብቅ ይላል። አያቴ «ፀሐይ መትቶት ነው» ብላ ዳማከሴ ስትጨምቅ ቫይረሱን አታውቀውም ነበር። ፀሐይቱን ግን አውቃታለች።

አሁን ሰዎች ሁልጊዜ የሚያነሱት ቦብ ማርሊ አለ። ሜላኖማ በሚባል የቆዳ ካንሰር ነው የሞተው፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ በ36 ዓመቱ። ጀማሪው ቦታ የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ነበር። አንዳንዱ ይህን «አያችሁ፣ ፀሐይ ጥቁርንም ትገድላለች» ብሎ ይጠቅሰዋል። ይህም ስህተት ነው፣ ለእኔ ወገን ቢመችም አልወስደውም። የዚህ ዓይነቱ ሜላኖማ በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር የሚወጣ ነው፣ ከፀሐይ ጋር አይያያዝም። ጥቁር ሰው ላይ በብዛት የሚታየው ግን ይኸው ዓይነት ስለሆነ፣ ውስጥ እግሩ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጥብ ያየ ሰው ቶሎ ይታይ።

«ሐበሻን አትነካም» ሲባል ማን እንደተረሳም ልብ በሉ። አልቢኒዝም ያለባቸው፣ ማለትም ቆዳቸው ሜላኒን በበቂ የማይሠራ፣ ልጆቻችን ሐበሻ ናቸው። ያ ጥላ ሲወለዱ አልተሰጣቸውም። በዚህ ከፍታ፣ በዚህ ኬክሮስ፣ ያለ መከላከያ ካደጉ ገና በወጣትነታቸው ፊታቸውና አንገታቸው ላይ ካንሰር ይወጣል። ለእነሱ ሰንስክሪን የውበት ዕቃ አይደለም፣ እንደ ኢንሱሊን ነው። ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ፣ ክፍል ውስጥ ከመስኮት ራቅ ያለ መቀመጫ ያስፈልጋቸዋል። ይህን የማያውቅ አስተማሪ ቀትር ላይ ለስፖርት ሜዳ ያወጣቸዋል።

ዓይን የሚባል ነገርም አለ

ቆዳችን ይጠቁር፣ ይቅላ፣ ዓይናችን ላይ ያለው መስታወት ግን እንደማንኛውም ሰው ብርሃን አሳላፊ ነው። ጸሐፊው ይህን ጨርሶ አልነኩትም።

በሰፈራችሁ ብየዳ ቤት ካለ ጠይቁ። ያለ መነጽር የበየደ ልጅ ቀን ምንም አይሰማውም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተደፋበት ያህል እያለቀሰ ይነሳል። ያ አልትራቫዮሌት ነው፣ የዓይኑን የፊት ሽፋን አቃጥሎት። በረዶ ላይ የዋለ ሰውም ይህንኑ ያገኘዋል። አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ይድናል። በራሱ የማይድነው ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው። ከአፍንጫ በኩል ተነስቶ ወደ ብሌኑ የሚያድገው ሥጋ ፀሐይና አቧራ ላይ የሚውል ሰው በሽታ ነው። የዓይን ሞራም ለዓመታት የተጠራቀመ ዩቪ ቢ ከሚያባብሱት ነገሮች አንዱ ነው። ዕድሜ፣ ስኳር፣ ሲጋራም አሉበት፣ ሁሉንም በፀሐይ አላሳብብም። ግን እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ከዓይነ ስውርነት ግማሹን ያመጣው የዓይን ሞራ ነበር። ዕድሜ ልኩን ያለ ባርኔጣ የሚያርስ ገበሬ አገር ውስጥ ሆነን ይህን መርሳት አያምርም።

መነጽር ስትገዙ ጥቁረቱን አትዩ። ጥቁር ሆኖ አልትራቫዮሌት የማይከለክል መነጽር ብሌኑን ያሰፋውና ጨረሩን ያስገባዋል። «ዩቪ 400» የሚል ካለው ጥሩ ነው። ምልክቱ የውሸት ሊሆን ስለሚችል አንዳንድ መነጽር ቤት በመሣሪያ ይለኩላችኋል። ሰፊ ባርኔጣ ደግሞ ምንም መሣሪያ አይፈልግም።

«በ13 ወር ፀጋ አገር ቫይታሚን ዲ አይጎድልም»

ይህን የሚያምን ብዙ ሰው ስላለ ጸሐፊውን ብቻ አልወቅስም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በአዳማና በዙሪያዋ ያሉ ተማሪዎችን ደም መርምሮ 42 በመቶው ቫይታሚን ዲ እንደሚጎድላቸው አገኘ። የከተማዎቹ ልጆች ወደ 62 በመቶ፣ የገጠሮቹ ወደ 21 በመቶ ነበሩ። ፀሐይዋ አንድ ናት። የከተማው ልጅ ግን ከቤት ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ቴሌቪዥን ነው የሚሄደው። ፀሐይ ሰማይ ላይ መኖሯ አይበቃም፣ ቆዳ ላይ ማረፍ አለባት።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሕፃን በመስኮት በኩል ፀሐይ ይሙቅ ብለው መክረዋል። ይህ ምክር ጎጂ ነው። የመስኮት መስታወት ዩቪ ቢን ያስቀራል። ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ደግሞ ዩቪ ቢ ብቻ ነው። ሕፃኑ ይሞቀዋል፣ እናቱ ደስ ይላታል፣ አጥንቱ ግን ምንም አላገኘም። ዩቪ ኤው ግን ብዙውን ያልፋል። የታክሲ ሾፌር በመስኮት በኩል ያለው ክንዱ ለምን እንደሚጠቁር አሁን ገባችሁ።

ሕፃን ጠዋት ደጅ አውጥቶ ፀሐይ ማሞቅ የቆየ ልማዳችን ነው፣ መሠረቱም ልክ ነው። ሰዓቱና አለባበሱ ነው የሚያበላሸው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ገና አግድም ናት፣ ዩቪ ቢ የላትም ማለት ይቻላል። በጨርቅ ተጠቅልሎ ዓይኑ ብቻ የሚታይ ሕፃን ደግሞ የትኛውም ሰዓት ላይ ምንም አያገኝም። ጠቆር ያለ ቆዳ ለዚያው መጠን ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚፈልግም አይረሳ። ሕፃኑን ቀትር ላይ አስጡት እያልኩ አይደለም። ወደ 2 ሰዓት ተኩልና 3 ሰዓት ገፋ አድርጎ፣ እጅና እግሩን ገልጦ፣ ዓይኑን ከልሎ ለጥቂት ደቂቃ ማውጣት ይቻላል። የቫይታሚን ዲ ጠብታ የሚያዝ ሐኪም ካለ ደግሞ ጠብታው ከፀሐይ ጋር ጠብ የለውም።

ውጭ ላሉት ነገሩ ይገለበጣል። ስቶክሆልም 59 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። እዚያ ከመስከረም መጨረሻ እስከ መጋቢት ያለችው ፀሐይ ቫይታሚን ዲ ለመሥራት በጣም ዝቅ ያለች ናት። ለኢትዮጵያ ደጋ የተሰፋ ቆዳ ይዞ እዚያ የሚኖር ሰው ክረምቱን በክኒን ቢያልፍ ይሻለዋል። እስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ዘንድም፣ ፀሐይ ባለበት አገር ማለት ነው፣ እጥረቱ በጥናት ታይቷል። ባሕረ ሰላጤው አገር ቤት ውስጥ ውላ የምታድር እህታችን ደግሞ ፀሐይዋን የምታያት በመስታወት ነው። ስለዚህ «ሐበሻ» የሚል አንድ መልስ የለም። ቆዳው አንድ ሆኖ ሰማዩ ሲለያይ መልሱም ይለያያል።

«ሰንስክሪን መርዝ ነው»

ይህ ወሬ ከየት እንደተነሳ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ የሚረጩ ሰንስክሪኖች ቤንዚን የተባለ ካንሰር አምጪ ኬሚካል ተገኝቶባቸው ከገበያ ተሰብስበዋል። ነዳጁን ማለቴ አይደለም፣ ስማቸው ተመሳስሎ ነው። ያ የፋብሪካ ብክለት ነበር፣ የሰንስክሪን ቅመም አይደለም። በተቃራኒው አውስትራሊያ ውስጥ ናምቡር በምትባል ከተማ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሹን በየቀኑ እንዲቀቡ አድርገው ነበር። ከዓመታት በኋላ በየቀኑ የተቀቡት ላይ ሜላኖማ በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። እነሱ ነጮች ናቸው፣ ቁጥሩን ለእኛ አልገለብጠውም። መርዝ ነው ለሚለው ግን በቂ መልስ ይመስለኛል።

ኤስፒኤፍ 30 ዩቪ ቢን 97 በመቶ ያስቀራል፣ 50 ደግሞ 98 በመቶ። ለዚያች አንድ በመቶ እጥፍ ዋጋ አትክፈሉ። ደግሞ እነዚህ ቁጥሮች የሚሠሩት ወፍራም አድርጎ ለተቀባ ነው፤ እንደ ሽቶ ጠብ አድርጎ ለተቀባ አይደለም።

ዋጋው ውድ ነው ሲሉ ግን ጸሐፊውን አልከራከርም። ማዲያት ከሌለበት፣ አልቢኒዝም ከሌለበት፣ ብዙው ሰው ያለ ክሬም መኖር ይችላል። ቤታችን ያለው ይበቃል። ጋቢን አስቡት፣ አራት እጥፍ ነው፣ ጨረር የሚያልፍበት ቦታ የለውም። ነጠላ ግን ሳሳ ያለች ስለሆነች ብዙ ታሳልፋለች፤ ወደ ብርሃን ዘርግታችሁ ብታዩ የሚታያችሁ ብርሃን ልክ ጨረሩም ያልፋል። እጥፍ አድርጎ መከናነብ ይሻላል። የረጠበ ነጭ ቲሸርት ከደረቁ የባሰ ነው። የዛፍ ጥላ ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል፤ ከሰማዩ ዙሪያ ተበትኖ የሚመጣው ግን ጥላ ሥርም ያገኛችኋል።

ጨረሩን ሙሉ በሙሉ ጠላት እንዳላደርገው ደግሞ፣ ንጹሕ ውሃ በሌለበት በሃይላንድ ፕላስቲክ ጥርት ያለ ውሃ ሞልቶ ለስድስት ሰዓታት ያህል ጠራራ ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ብዙ ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስያንን ይገድላል። ለምጽ ያለበት ሰው ሆስፒታል የሚታከመው በተመረጠ ዩቪ ቢ መብራት ነው።

ይህን ጽሑፍ ለሕትመት ከመላኬ በፊት ለእህቴ ልኬላት ነበር። «እሺ፣ ቀለም ያለው ሰንስክሪን የት ነው የሚገኘው?» ብላ ብቻ መለሰችልኝ። ጸሐፊው ደግሞ መልስ ካላቸው በደስታ አነባለሁ። በአካል እንወያይ ካሉም እመጣለሁ። ቀጠሮው ቀትር 6 ሰዓት ተኩል ላይ ከሆነ ጥላዬን ይዤ ነው፤ ለሁለት ይበቃል።